ስለ ቆሽት ነቀርሳና በደም ስለሚታየው ምልክት

የአገራችን ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል እንጂ፣ ቆሽት በየት በኩል እንደሚገኝ ቢጠየቅ መላሹ ጥቂት ነው። ከጨጓራ በስተኋላ፣ ወደ ጀርባ አጥንት ተጠግቶ ተሰውሮ ይኖራል። ነቀርሳ ሲይዘውም ሕመሙ እንደ አቀማመጡ ስውር ነው፤ ዐይን ቢጫ ሲሆን ወይም ሰውነት ሲከሳ ወደ ሐኪም ከሚደርሱት ሕሙማን ዕብጠቱ በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው የሚችለው ከመቶው ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ከቀሩት በሚበዙት በሽታው አስቀድሞ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል፣ ይልቁንም ወደ ጉበት ተዛምቷል።

ስለዚህ ሊቃውንቱ የሚደክሙት መዛመቱን አስቀድሞ የሚያስታውቅ ምልክት ለማግኘት ነው። ከእነዚህም የታወቀው ሲ ኤ 19-9 የሚባለው ሲሆን፣ ሂላሪ ኮፕሮውስኪና ባልደረቦቻቸው በፊላደልፍያ ከተማ በዊስታር የምርምር ተቋም ሳሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. አስታወቁት። በጤናማ ሰው ደም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ37 መለኪያ አይበልጥም፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት እጅግ ከፍ ብሎ ሲገኝ ግን በሲቲ ስካን ያልታየ የነቀርሳ ፍሬ በጉበት ላይ ተበትኖ እንደ ሆነ ያስጠረጥራል።

ነገር ግን ይህ ምስክር ሁልጊዜ የታመነ አይደለም። የሐሞት መውረጃ ቧንቧ ሲዘጋ ቊጥሩ ያለ ነቀርሳም ከፍ ይላል፤ ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ደግሞ በተፈጥሯቸው ይህን ንጥረ ነገር ስለማይሠሩ፣ በሽታው ቢሠለጥንባቸውም ቊጥራቸው ዝቅ እንዳለ ይኖራል።

አንድ አረጋዊ የሥራ ባልደረባችን በዚህ በሽታ ተይዘው ሳለ፣ የቤተ ሰቡ ሐሳብ ሁሉ በዚያ ቊጥር ላይ ተንጠልጥሎ አይተናል። ዐይናቸው ቢጫ ነበርና ሐኪሙ በመጀመሪያ የተዘጋው ሐሞት እንዲፈስ አደረገ፤ ቊጥሩም ወረደ፤ ቤቱ በደስታ ተመላ። ሆኖም የቀረው ገና ብዙ ስለ ነበረ፣ ሐኪሙ ሆዳቸውን ሳይከፍት በትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብቶ ቢመለከት በጉበታቸው ላይ ነጫጭ ፍሬዎች አገኘ። ትልቁ ቀዶ ሕክምናም ቀረ። ልጆቻቸው «ለአባታችን ለምን አልተሞከረላቸውም?» እያሉ አዘኑ፤ ሐዘናቸውም ተገቢ ነበር። እኛ ግን እርሳቸው የቀሩትን ወራት ቁስል ሳያስታምሙ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በቤታቸው መቀመጣቸውን እንደ ትንሽ ነገር አንቈጥረውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ዴቪድ ላይደን የተባሉት የኒው ዮርክ ተመራማሪና ተባባሪዎቻቸው ያሳተሙት ጥናት ሌላ መንገድ ከፈተ። የነቀርሳው ሕዋሳት ኤክሶሶም የሚባሉ ደቃቅ ከረጢቶችን በደም ይልካሉ፤ እነዚህም በአይጦች እንደ ታየው ወደ ጉበት ገብተው፣ ገበሬ ሳይዘራ መሬቱን እንደሚያለሰልስ፣ ለሚመጣው ነቀርሳ ቦታውን ያሰናዱለታል። በኋላ በሽታው ወደ ጉበት የተዛመተባቸው ሕሙማን ገና ከመዛመቱ በፊት በከረጢቶቻቸው ውስጥ ኤም አይ ኤፍ የተባለው ፕሮቲን በርክቶ ተገኘ። ይህ ምርመራ ገና የዘወትር የሐኪም ቤት ሥራ አልሆነም፤ ሐኪሞች ዛሬም የሚወስኑት በምስሉ፣ በአሮጌው ቊጥርና በሕመምተኛው አቅም ነው።