ትርፍ ኩንታል

አንባቢዎቼ ሆይ፣ «ትርፍ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት እንዳለው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? ነጋዴው ሲናገረው ከወጪ የተረፈ ገንዘብ ነው፤ የሚዛን ጣቢያ ሠራተኛ ሲጽፈው ደግሞ ከልክ በላይ የተጫነ ዕቃ ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ ካሚዮን ላይ ተሳፍረው ያየኋቸው ከደብረ ታቦር እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ከሚሄድ ሾፌር ጋር ጋቢና ተቀምጬ በተጓዝሁ ጊዜ ነው።

ጭነቱ ሲጫን ቆሜ አይ ነበር። ጤፉና ገብሱ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ባለጭነቱ «እነዚህን ሃያውን ደግሞ ከኋላ ጣል አድርጉልኝ» አለ፤ ተሸካሚዎቹም ጣል አደረጉ። ሃያ ኩንታል ማለት እኮ ሁለት ቶን ነው፤ ጣል የሚደረግ ነገር አይደለም። ሾፌሩን «ጋሼ፣ አይከብደውም?» ብላቸው፣ «ምን ይከብደዋል ልጄ፣ ባሌስትራ አስጨምሬበታለሁ» አሉኝ። «መንገዱስ?» አልሁ። «መንገዱማ የመንግሥት ነው» ብለው ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚከፈላቸው በኩንታል ነው፤ የጎማውም የነዳጁም ዋጋ ከዚያችው ይወጣል። እምቢ ቢሉ ከኋላቸው ተሰልፎ የሚጠብቀው ካሚዮን ሃያውን በደስታ ይጭነዋል።

ከደብረ ታቦር በዓለም ሳጋ ደን በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጋሼ ማርሽ ቀንሰው ወሬያቸውን አቋረጡ። የፍሬኑ ሽታ ጋቢና ድረስ ገባ። ያን ጊዜ ሃያው ኩንታል ከኋላ ሆኖ ሲገፋን በጀርባዬ የተሰማኝ መሰለኝ። ባሕር ዳርንም የዓባይ በረሃንም እንዲሁ አለፍን።

ሱሉልታ ስንደርስ ሚዛን ላይ ወጣን። ሚዛን ሲባል የእህል በረንዳው ሚዛን እንዳይመስላችሁ። ካሚዮኑ በዝግታ እየሄደ በመጀመሪያ የፊቱን፣ ቀጥሎ የኋላውን ጎማዎች ያሳርፍበታል፤ የእያንዳንዱ አክስል ክብደት ለብቻው ይጻፋል። እኛ የፊቱ 5 ቶን፣ የኋላው 12 ቶን ሆነ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። የአገራችን የተሽከርካሪ ክብደት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1962 ወጥቶ፣ በ1990 ታድሶ ለፊተኛው አክስል 8፣ ለሌላው ለነጠላው አክስል 10 ቶን ልክ አድርጎ እንደነበር በቃላቸው ያውቁታል። «ስምንትና አሥር አሥራ ስምንት ነው፤ የኔ አሥራ ሰባት ነው፤ እንዲያውም አንድ ቶን ይቀረኛል!» አሉ።

የሚዛኑ ሠራተኛ ከእናንተ ከአንዳንዶቻችሁ በዕድሜ የማይበልጥ ወጣት ነው። ድምፁን ሳያነሣ «አባቴ፣ ሕጉ አይደምርም» አላቸው። ሁለት ቶኑ ወደ ሌላ መኪና እስኪዛወር ድረስ ማለፊያ አልሰጠም። የጭነት ማውረጃው፣ የሌላው መኪና ኪራይና ቅጣቱ ተደምሮ የሃያውን ኩንታል ትርፍ በልቶ ከሌላውም ቀነሰ።

ወጣቱ ግትር ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካን አገር በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር፣ ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ ልዩ ልዩ ክብደት የጫኑ ካሚዮኖች ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ ከረሙ። የተገኘው ውጤት መሐንዲሶችን አስደንግጧል፤ የአክስሉ ክብደት ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት የሚጨምረው በዚያው መጠን ሳይሆን፣ በግምት በአራተኛ ድግሪ ነው። ተማሪዎች ሒሳቡን ሥሩት፦ 12 ለ10 ሲካፈል 1.2፤ ይህ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከ2 ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ የጋሼ የኋላ ጎማ ወደ አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ሲወርድ፣ አስፋልቱ ልክ የጫነ ሁለት ጊዜ ያለፈበትን ያህል ተጎዳ ማለት ነው። በአክስሉ ላይ 20 ቶን ቢጫን ደግሞ ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል።

ደብረ ታቦር ስለ ክብደትና ስለ መንገድ ከማንም ቀድማ የተማረች ከተማ ናት። አፄ ቴዎድሮስ ከከተማው አጠገብ ጋፋት ላይ ያስቀረጹት ሴባስቶፖል 7 ቶን፣ ማለት 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው ስድስት ወር ያህል ቆይቶ በመጋቢት ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሠረገላውን ይጎትታሉ፤ ከፊት ግን መንገዱ ይጠረጋል፣ ቋጥኙ ይፈነቀላል፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። መንገድ ሳያበጁ ያን ጭነት ማንቀሳቀስ እንደማይቻል ገብቷቸዋል። (ሴባስቶፖል ዛሬ በሁለት አክስል ሠረገላ ሱሉልታ ሚዛን ላይ ቢወጣ ያለ ቅጣት ያልፍ ነበር።)

እኛ ግን በተበጀ መንገድ ላይ እንጫወታለን። ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋይንት ወልድያ የሚያደርሰው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናዎች የተሠራና ኋላም አስፋልት የለበሰ ነው። ሲቆፈር የሚጠገነው ለትምህርት ቤትም ለጤና ጣቢያም ከሚሆነው የሕዝብ ገንዘብ ነው። እስኪጠገንም ድረስ ምጥ የጠናባትን እናት ከጋይንት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚያመጣው አምቡላንስ በጉድጓዱ መካከል እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ጋሼ «የመንግሥት ነው» ያሉት መንገድ ይህ ነው።

በእኔ አስተያየት የሱሉልታው ወጣት ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነው። ያ ካሚዮን ሚዛን ላይ የወጣው ግማሽ አገር ከረገጠ በኋላ ነውና፣ ቅጣቱ ወረታ ቁልቁለት ላይ የተሰነጠቀውን አስፋልት አይገጥምም። ጭነት መመዘን ያለበት በሚጫንበት ቦታ ነው። ለዚህም ሁልጊዜ ትልቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ ኩንታሉን ቆጥሮ፣ ከኋላ የሚያርፈውን ከፊት ከሚያርፈው ለይቶ ማስላት ይበቃል።

በየመሥሪያ ቤቱ የማዳበሪያና የእርዳታ እህል ማጓጓዣ ውል የምታረቅቁ ጓደኞቼ፣ ውሉ ላይ ክፍያው «በኩንታል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ቀጥሎ ባለው መስመር አንድ መኪና በአንድ ጉዞ ከስንት ኩንታል በላይ እንደማይጫንና ትርፍ ከተገኘም የቅጣቱ ከፋይ ሾፌሩ ሳይሆን አስጫኙ እንደሚሆን ጨምሩበት። ጋሼን የመሰለ ሰው ያን ጊዜ ባለጭነቱን እምቢ የሚልበት ወረቀት በኪሱ ይኖረዋል።