አስተርጓሚዎቹ እኛ ነበርን

ሐምሌ ሲገባ ሰፈራችን ሁለት እንግዳ ይመጣበት ነበር፤ ዝናብና አሜሪካዊ ታዳጊ። ዝናቡን ታውቁታላችሁ። ታዳጊዎቹ ደግሞ ሃያ ሃያ ሆነው፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው (ደረቱ ላይ የአፍሪካ ካርታ፣ ጀርባው ላይ ጥቅስ) ከቦሌ በኪራይ ኮስትር ይመጡና የቤተ ክርስቲያናችንን ግቢ ይሞሉታል። ዕድሜያቸው 15፣ 16፣ ቢበዛ 18 ነው። የሚቆዩት 14 ቀን ነው። እነሱ አገር ትምህርት የሚዘጋበት፣ ፀሐይ የሚሞቅበት ጊዜ ነው፤ እኛ ዘንድ ጃንጥላ የሚገለበጥበት። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስልም። ሁሌም በቁምጣና በነጠላ ጫማ ነበር የሚወርዱት።

እኛ ማለት ሦስት ጓደኛሞች ነን። በ2001 ዓ.ም. ክረምት ሁለታችን ስድስት ኪሎ እንማር ነበር፤ ሦስተኛዋ መሰናዶ ጨርሳ ውጤት ትጠብቅ ነበር። "እንግሊዝኛ ትችላላችሁ" ተባልንና አስተርጓሚ ሆንን። መቼም እንግሊዝኛችን ግማሹ ከመማሪያ መጽሐፍ፣ ግማሹ ከፊልም የተለቃቀመ ነበር፤ ግን ማን ይጠይቃል? ክፍያው አንድ ቲሸርት፣ የ14 ቀን ምሳና በረከት ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ በሆዳችን ሌላም ነገር ነበር። አንዳችን ስኮላርሺፕ የሚያፈላልግለት ፈረንጅ አገኛለሁ ብሎ ነው የገባው። አንዳችን ሲሄዱ ጥለውት የሚሄዱትን ስኒከር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዓይኑ ለክቶ ጨርሷል። ሦስተኛዋ ጌታን ብላ ነው የመጣችው፤ እሷም ብትሆን የኢሜይል አድራሻ ከመሰብሰብ አልቦዘነችም።

ሥራው ኮተቤ ባለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነበር። ጠዋት መዝሙር ከነእንቅስቃሴው፣ ከዚያ የወረቀት ሥራ፣ ከሰዓት አጥር መቀባት። በ1999 የመጡት አጥሩን ሰማያዊ ቀብተውት ነበር። በ2000 የመጡት ቢጫ አደረጉት። የእኛዎቹ አረንጓዴ መረጡ። በሐምሌ ዝናብ ውጭ ቆሞ አጥር የሚቀባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሰዓት ይቀቡታል፣ ማታ ዝናቡ ያጥበዋል፣ ጠዋት ደስ ብሏቸው እንደገና ይቀቡታል። የሰፈሩ ቀለም ቀቢ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልሎ ያያቸዋል። አንድ ቀን ጠራንና "ልጆቼ፣ እነዚህ ሰዎች ስንት ከፍለው ነው የመጡት?" አለን። የአንዱን የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ነገርነው። ትንሽ አሰበና "እኔን ቢጠሩኝ እኮ መስከረም ላይ እቀባላቸው ነበር" አለ። በኋላ እንደሰማነው መስከረም ላይ የቀባው እሱ ነው። አረንጓዴው የቀረው ሣሩ ላይ ነበር።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሎረን ከኒንግሃም የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ሰባኪ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሃማስ ሳለ፣ እንደ ማዕበል ወደየአህጉሩ የሚጎርፉ ወጣቶችን በራእይ አየሁ አለ። በ1960 "ዩዝ ዊዝ ኤ ሚሽን" የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ማዕበሉም መጣ። የፕሪንስተኑ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሮበርት ውትኖው በ2000ዎቹ አጋማሽ ባደረገው ጥናት፣ በዓመት 1.6 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን አባላት ለአጭር ጊዜ ተልእኮ ወደ ውጭ አገር እንደሚሄዱ ገምቷል።

ያ ቀለም ቀቢ የጠየቀንን ጥያቄ ደግሞ በወጉ ያጠና ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደማት በኋላ ብዙ የሰሜን አሜሪካ ቡድኖች ቤት ሊሠሩ ወደዚያ ጎረፉ። ሆንዱራስ የሚኖረው ኩርት ቨር ቢክ የተባለ ምሁር ሒሳቡን ሠራው። የአንድ ቡድን ጉዞ ከሚሠራው ቤት ጋር ተደምሮ 30,000 ዶላር ገደማ ይፈጃል፤ የአገሩ ድርጅት ያንኑ ቤት በ2,000 ዶላር ገደማ ይሠራዋል። ይባስ ብሎ ተጓዦቹ ሕይወታችን ተለወጠ ቢሉም፣ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ለውጡ እምብዛም አልዘለቀም። ይህን ያነበብነው ብዙ ቆይተን ነው። ስናነብ በረንዳው ላይ የቆመው ሰውዬ ትዝ አለን።

ግን ልጆቹን እንድትጠሏቸው አይደለም ይህን የምንጽፈው። እኛም አንጠላቸውም። አንድ ልጅ ነበር፤ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ፎቶ ሳያነሳው በየጠዋቱ የሕፃናቱን ሽንት ቤት የሚያጥብ። ሌላዋ ምሳዋን ለጥበቃው ሰጥታ ተደብቃ ብስኩት ስትበላ ይዘናታል። ደግ ልጆች ናቸው። ችግሩ ደግነታቸው የመመለሻ ትኬት የተቆረጠለት መሆኑ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። የመጨረሻው ቀን የልቅሶ ቀን ነው። ኮስትሩ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ፈረንጆቹ ያለቅሳሉ፣ ሕፃናቱም እነሱን አይተው ያለቅሳሉ፣ ሦስት አስተርጓሚ ለሃያ ስንብት ይሯሯጣል። ከመካከላቸው አንዲት ቀይ ጸጉር ያላት የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለቱን ሳምንት ሙሉ አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ከጭኗ ላይ አልወረደችም። ትልቋ ጭቃው ላይ ተንበረከከች፣ የትንሿን ሁለት እጆች ያዘች፣ "አይ ላቭ ዩ። አይ ዊል ካም ባክ ፎር ዩ" አለችና ቀና ብላ እኛን አየች። ንገሩልኝ ማለቷ ነው።

"በጣም እወድሻለሁ፤ አንቺን ብዬ ተመልሼ እመጣለሁ" አልንላት።

ያቺ "ፎር ዩ" የምትባል ነገር መዘዘኛ ናት። "ላይሽ እመጣለሁ" ሊሆን ይችላል፤ "ልወስድሽ እመጣለሁ" ሊሆንም ይችላል። "ምን ማለትሽ ነው?" ብለን መጠየቅ እንችል ነበር። ኮስትሩ ጥሩምባ እየነፋ ነበር፤ አልጠየቅንም።

ጊዜውን አስታውሱ። የጉዲፈቻ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ አሜሪካ ገብተዋል። (ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን የከለከለው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው።) ከዚያች ማሳደጊያም የሄዱ ልጆች ነበሩ። ለቀሩት ሕፃናት "ፈረንጅ ተመልሳ ትመጣለች" የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አልነበረውም።

ከሳምንት በኋላ የተረፈውን ብሩሽና ቆርቆሮ ልንሰበስብ ሄድን። ሞግዚቷ እየሳቀች ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰደችን። ከትንሿ አልጋ ሥር አንድ ፌስታል አለ። ውስጡ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ጥንድ ጫማና የቀይ ጸጉሯ ፎቶ። "ተዘጋጅታ ጨርሳለች" አለችን ሞግዚቷ። እኛም ሳቅን። "ልጅ አይደለች፣ ትረሳዋለች" ተባባልን። መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተጀመረ፣ ቀይ ጸጉሯ ከሕፃኗ ጋር የተነሳችውን ፎቶ ፌስቡኳ ላይ አወጣችው፣ እኛም ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈልን ገብተን ላይክ አደረግን። በ2002 ሌላ ቡድን መጣ፤ አስተርጓሚዎቹም ሌሎች ነበሩ።

ይህን ታሪክ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳወራነው አትጠይቁን። ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ የወጣቶች ኅብረት ላይ። "ፈረንጆቹ እንዲህ ናቸው" ለማለት የሚመች ታሪክ ነው። ያጥበነው አጥር አለ፣ የሚያሳዝን ፌስታል አለ፣ ጥፋተኛዋም ውቅያኖስ ማዶ ናት። እኛ የነገሩ ተራኪዎች እንጂ ተዋንያን አልነበርንም።

እስካለፈው ዓመት ድረስ።

አንዳችን ባንክ ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያውን ተቀበለች፣ ስሙን አነበበች፣ ፊቱን አየች፣ ደግማ አነበበች። "ኮተቤ ታስተረጉሙ ነበር አይደል?" አለችው። ብሩን ሳያወጣ ተመለሰ። ቅዳሜ ሦስታችንም አንድ ካፌ አገኘናት።

ትንሿ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ስለ ፌስታሉ እኛ ሳንጀምር እሷ ጀመረች። እኛ የማናውቀው ነገር ነበር፤ እናት ነበረቻት። ልብስ እያጠበች የምትኖር፣ ልጇን ማብላት ቢያቅታት ማሳደጊያ ያስገባቻት፣ እሁድ እሁድ እየመጣች የምታያት እናት። "ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ስትመጣ፣ 'እማዬ፣ ሁለተኛ አትምጪ' አልኳት። 'አሜሪካዊቷ ስትመጣ እናት እንዳለኝ ካየች ትታኝ ትሄዳለች' አልኳት" አለችን። እናትየው ሦስት እሁድ አልመጣችም። በአራተኛው ከአጥሩ ውጭ ቆማ በቀዳዳ አየቻት። በአረንጓዴው አጥር።

ማኪያቷችን ቀዘቀዘ።

"አንድ ነገር ልጠይቃችሁ" አለች። "እውነት እንደዚያ ብላለች? ወይስ እናንተ ናችሁ?"

ምን ይመለሳል? ስለ "ፎር ዩ" አስረዳናት። ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛዋ ከእኛ ይሻላል። ሰምታን ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች። "እሷ ላይ ብዙ አልተናደድኩም" አለች። "ልጅ ነበረች። አገሯም ሩቅ ነው። የተናደድኩት እናንተ ላይ ነው። አማርኛ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ከስድስት ኪሎ ኮተቤ ስንት ታክሲ ነው?"

ሁለት ታክሲ ነው። መገናኛ ወርዶ አንድ መያዝ ነው። በሳምንቱ ሄደን "የኔ ቆንጆ፣ አትመጣም፤ እናትሽ እሁድ ትመጣለች" ማለት እንችል ነበር። ስናወራው በኖርነው ታሪክ ውስጥ የአጭር ጊዜዎቹ እነሱ ብቻ አልነበሩም ለካ። የእነሱ 14 ቀን ነበር። የእኛም 14 ቀን ነበር። ልዩነቱ እነሱ ለመመለስ ውቅያኖስ መሻገር ነበረባቸው፤ እኛ የታክሲ ሳንቲም።

ከዚያ ወዲህ አንድ የቆየ ታሪክ ደጋግሞ ይመጣብናል። የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ቋንቋ ተማሩ፣ ሐኪም ቤት ከፈቱ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆዩ። በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አገኙ። በመካከሉ የታሰሩትም፣ የተገረፉትም፣ መንደር ለመንደር የዞሩትም እዚያው የቀሩት ሰዎች ናቸው። ይህን ታሪክ በወጣቶች ኅብረት መቶ ጊዜ ሰምተን በጭብጨባ አልፈነዋል። የቀሩት ሰዎች ማለት በእኛ ታሪክ ውስጥ እኛ መሆናችን ግን አልታየንም።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል ዘንድሮ ለሁለት ሳምንት ተልእኮ የሚሄድ ካለ፣ ጂንካም ይሁን ጁባ፣ ወይም ከውጭ የሚመጡትን የሚቀበል ካለ፣ አትሂዱ፣ አትቀበሉ አንልም። እንዲያ ለማለት ፊቱም የለንም። ግን ከመነሳታችሁ በፊት የማይሄደው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሞግዚቷ ናት? ቀለም ቀቢው ነው? በአጥሩ ቀዳዳ የምታየው እናት ናት? ሥራውን ለእነሱ አድርጉት፤ ለቀለሙ ገንዘብ ካለ ቀቢ ቅጠሩ። ሕፃን ፊት ተንበርክካችሁ "እመጣለሁ" አትበሉ። አስተርጓሚ ከሆናችሁ ደግሞ ያልገባችሁን ቃል ሰው ጆሮ ውስጥ አትክተቱ። ኮስትሩ ይጠብቅ።

ልጅቷ ልትሄድ ስትነሳ "እማዬ አሁን ከእኔ ጋር ናት" አለችን። "እዚያው ኮተቤ ነን። እሁድ ቡና ታፈላለች። ኑና ተዋወቋት።"

"እንመጣለን" አልናት ሦስታችንም ባንድ አፍ።

ቦርሳዋን እያነገተች ሳቀች። "ይሄኛው በአማርኛ ነው አይደል?"

እሁድ ከሰዓት መገናኛ ወርደን ሁለተኛውን ታክሲ ያዝን።