ደብተሩና ካርታው

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላሉ አበው። ስለ ቁጠባና ብድር ማኅበር የሚያወራ ሰው ሁሉ ይህችን ተረት ሳይጠቅስ አያልፍም፤ እኔም አላለፍኩም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሃምሳ ሴቶች ሎሚ ቢያዋጡና የሎሚው ዛፍ በሌላ ሰው ስም ቢሆንስ? በዚህች ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ይሄንኑ ነው።

የጂንካን የቅዳሜ ገበያ የሚያውቅ ሰው ኮረሪማ፣ ቡና፣ ቅቤና ቆጮ ዘርግተው ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ሴቶች መሆናቸውን ያውቃል። ለነዚህ ሴቶች ገንዘብ ማኖር አዲስ ነገር አይደለም። ዕቁብ አላቸው። ዕቁብ ግን ዙሩ ሲያልቅ ያልቃል። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ከዚህ ይለያል። አባሏ ዕጣ ትገዛለች፣ በየወሩ ትቆጥባለች፣ ከቆጠበችው በላይ ትበደራለች፣ ትርፍ ሲኖርም ትካፈላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለ ብዙ ዕጣዋም ባለ አንድ ዕጣዋም እኩል አንድ ድምፅ አላቸው። በአገራችን የመጀመሪያውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ ሥራው በየክልሉ እየሰፋ ሄደ፤ ይህንንም አዋጅ በኋላ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ተክቶታል።

እናቴ ከነዚህ ሴቶች አንዷ ናት። የቁጠባ ደብተሯን ከጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። ከማኅበሯ እየተበደረች ኮረሪማ ትነግዳለች፤ አንድም ቀን ክፍያ አሳልፋ አታውቅም። አባቴ ካረፈ በኋላ የእህል ወፍጮ ልትተክል አሰበች። ወፍጮ ግን ከማኅበሩ ብድር በላይ ነውና ወደ አንድ አበዳሪ ድርጅት ሄደች። የተጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቤት ካርታ። ካርታው ደግሞ በአባቴ ስም ብቻ ነው። “ባለቤቱ መጥቶ ይፈርም” አሏት። ባለቤቱ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

እኔን ያስደነገጠኝ የድርጅቱ መልስ አይደለም። የእናቴ መልስ ነው። “እውነታቸውን እኮ ነው ልጄ፣ ቤቱ የአባትሽ ነው” አለችኝ። ጭቃውን አብራ ያቦካችው፣ ቆርቆሮውን በኮረሪማ ገንዘብ የገዛችው እሷ ናት! በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት ግማሹ የራሷ መሆኑን፣ ለዚያ ወራሽ መሆን እንኳ እንደማያስፈልጋት የነገራት ሰው የለም። ደብተር መያዝ ተምራለች፤ ካርታውን ግን ማንም አላስተማራትም።

ይሄ የጂንካ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ አልፎንስ ዴዣርዳን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1900 የቁጠባና ብድር ማኅበር መሥርቶ ነበር። እሱ በአገሪቱ ፓርላማ ለሥራ ኦታዋ ሲከርም ማኅበሩን ከቤቷ ሆና ታስተዳድር የነበረችው ሚስቱ ዶሪሜን ናት። የዚያን ጊዜው የኬቤክ ሕግ ግን ያገባችን ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል እንዳትዋዋል ይከለክል ነበር። የሰው ሁሉ ገንዘብ በእጇ፣ የራሷ ፊርማ በባሏ እጅ! ያ ሕግ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ለውጡን ያቀረበችው ደግሞ ለኬቤክ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ማሪ-ክሌር ኪርክላንድ-ካስግሬን ናት።

እኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር፤ ከሚስት ደመወዝና ገቢ በቀር የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር። እዚህ ላይ ነው የወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ስም የሚመጣው። በአሶሳ የተወለዱት ወ/ሮ መዓዛ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም ለኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ማኅበሩ ስለ ተጠለፈችው ልጅ በተሟገተበትና “ድፍረት” በተባለው ፊልም ላይ በታየው ጉዳይ ነው። ማኅበሩ ግን ለቤተሰብ ሕጉም ታግሏል። የተሻሻለው ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ ባልና ሚስትን በሀብት አስተዳደር እኩል አደረገ፤ በኋላም የደቡብ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

ታዲያ ሴትየዋ እዚያ አላቆሙም። ከሌሎች ሴቶች ጋር እናት ባንክን አቋቋሙ፤ ባንኩ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቦርዱ ሰብሳቢ እርሳቸው ነበሩ። አብዛኞቹ ባለአክሲዮኖች ሴቶች የሆኑበት ይህ ባንክ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ብድር ማመቻቸትን ዓላማው አድርጎ ተነሣ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾማቸው፤ በዚህ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. አገለገሉ።

“እሳቸው ፖለቲከኛ አይደሉም፣ የገበያ ሴቶችም ማኅበር አልመሩም” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ለኔ ግን የሥራ ዘመናቸው የሚነግረኝ አንድ ነገር አለ። ከሕግ ወደ ገንዘብ፣ ከገንዘብ መልሶ ወደ ሕግ የተመላለሱት መንገዱ አንድ ስለሆነ ይመስለኛል። ሕግ ብቻውን ወፍጮ አይተክልም። ቁጠባም ብቻውን ስም አያስጽፍም። ቁጠባ ማኅበር ሴቷን አንድ ድምፅ ይሰጣታል፤ የአገሪቱ ሕግ ደግሞ ያ ድምፅ ከማኅበሩ አዳራሽ ውጭም እንዲሰማ ያደርጋል።

የዚያን ወር ዜናዎች መለስ ብዬ ሳነብ ሁሉም “የመጀመሪያዋ ሴት” ብለው ይጀምራሉ፤ ብዙዎቹ እዚያው ያበቃሉ። እኛ ነገ ማይክ የምንይዝ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ወንበሩን ቆጥረን ብቻ ባንመለስ ጥሩ ነው። ሕጉ ከወጣ ይሄን ያህል ዘመን አልፎ እናቴ ስለ ራሷ ግማሽ ቤት ያልሰማችው ሬዲዮ ስለሌላት አይደለም፤ ሬዲዮ አላት፣ ጠዋት ማታ ትሰማለች። በሚገባት አነጋገር የነገራት ስለሌለ ነው። ጉዳይዋ አሁን በፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ ነው። ስለ ቁጠባ ማኅበር ዜና ልትሠሩ ስትሄዱ ስንት ብር እንደተቆጠበ ጠይቁ፤ ቀጥላችሁም “ካርታው በማን ስም ነው?” በሏቸው።