«1 ሜትር» ያልኩት ቁጥር ከየት መጣ?

ባለፈው ወር ስለ ጅቡቲ ወደብና ስለ አየር ንብረት ለውጥ አንድ ጽሑፍ ለአንድ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። ርዕሱ ላይ ባሕሩ በ2100 «1 ሜትር» ከፍ እንደሚል ይናገራል። አንድ አንባቢ በውስጥ መስመር «ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። መልሱ ስላሳፈረኝ እዚሁ ልጻፈው።

ስሌቱን የጀመርኩት በኤክሴል ነው። ባሕሩ በዓመት የሚጨምረውን መጠን በዓመታት ቁጥር ማባዛት ብቻ ነው፤ ስልክም ይሠራዋል። ጣጣው የትኛውን ቁጥር እናስገባ የሚለው ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ የዓለም ባሕር ከ1901 እስከ 1971 በዓመት በአማካይ 1.3 ሚሊ ሜትር ጨምሯል፤ ከ2006 እስከ 2018 ደግሞ 3.7። ከ2025 እስከ 2100 ባሉት 75 ዓመታት ሲባዛ በመጀመሪያው 10፣ በሁለተኛው 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። (መጀመሪያ 31 ወጥቶልኝ ነበር። ለካ መነሻውን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብዬ፣ መድረሻውን በፈረንጆቹ ትቼዋለሁ። 8 ዓመት በነጻ!)

28 ሴንቲ ሜትር ርዕስ አይሆንም። ደግሞም ፍጥነቱ ራሱ እየጨመረ ስለሆነ እንዲህ ያለው ማባዛት ያሳንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ወደ ሪፖርቱ ትንበያ ሄድኩ። ከ1995 እስከ 2014 ከነበረው አማካይ ተነስቶ፣ በ2100 ልቀት በጣም ከቀነሰ ከ28 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር፣ በጣም ከበዛ ከ63 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.01 ሜትር ይላል። እኔ የመጨረሻዋን ጫፍ አነሳሁ። ውሸት አይደለም፤ እንዲያውም የበረዶ ግግሮቹ ባልተጠበቀ ፍጥነት ከፈረሱ ወደ 2 ሜትር ሊጠጋ እንደሚችልም ሪፖርቱ ያስጠነቅቃል። ግን ያነሳኋት አዘጋጁ «ጠንከር ያለ ነገር» ስላለኝ ነበር። «ልቀት በጣም ከበዛ» የሚለውንም ዋጥኩት።

ሌላም የዘለልኩት አለ፦ መሬቱ። ስቶክሆልም ላይ ምድሩ ከባሕሩ ፈጥኖ ከፍ ስለሚል ውኃው የሸሸ ይመስላል። ሰሜን ጃካርታ ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰመጡ ሰፈሮች ነበሩ። ጅቡቲ የምትገኘው መሬት በሚሰነጠቅበት በአፋር አካባቢ ሆኖ ሳለ፣ እኔ የዓለምን አማካይ ለጥፌባት አለፍኩ።

አብዛኛው ዕቃችን በዚያ ወደብ ያልፋል። የመርከብ ማረፊያ ለሚገነባ ሰው የ40 ሴንቲ ሜትርና የ1 ሜትር ልዩነት ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ ዛሬ በትልቁ ቁጥር ያስፈራራነው አንባቢ ነገ ትንሹንም አያምነንም።

እርማት ላኩ። ጽሑፉ ውስጥ ተስተካክሏል፤ ርዕሱ ግን እስካሁን እንደነበረ ነው።

ኤክሴሉን ከዚህ ሥር አያይዣለሁ። ቢጫዎቹን ሳጥኖች እየቀየራችሁ ሞክሩት። መነሻ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው።