ሞተር የተቀየረላቸው የይፋግ ዲኤክሶች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ጉማራን ተሻግሮ ወረታ ይገባል፤ ከወረታ ወጥቶ ርብን ሲያልፍ ደግሞ ይፋግ ይደርሳል። ግራና ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው፣ ሩዝ የለበሰ። ሩዙ ለዚህ አገር የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ዘርተው አሳዩ፣ ገበሬው ወደደው፤ ዛሬ የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት በአይሱዙ ተጭኖ ከወረታ ወደ ሌላው አገር ይሄዳል። አይሱዙ የማይጠራበት ጭነትም አለ፦ ሦስት ኩንታል ሽንኩርት፣ አንድ ጆንያ ሩዝና ሁለት ሰው። እሱን የሚሸከሙት አሮጌ ቶዮታዎች ናቸው። የመጣሁትም እነሱን ለማየት ነው።

ይፋግ ጭነት ማስተናገድ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን በበጌምድር ስማቸው ከሚነሣ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ አሞሌ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች ያርፉባት ነበር። አሁን በቅሎው ከቆመበት አካባቢ ባጃጁና ዲኤክሱ ቆሟል።

ጋራዡ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ አፈር። ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ ለጫፍ ታስሮ ቆሟል፤ ከመሃሉ በወረደ ሰንሰለት ሞተር ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ኮፋኗ የተነሣላት ነጭ ዲኤክስ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ሞተሩን ሁለት ልጆች ደግፈውታል፤ ጠና ያለው መካኒክ በርከክ ብሎ ከታች እያየ ይመራቸዋል።

«አያ፣ ሱፖርቱ ገጥሟል፤ ላጥብቀው?» አለ አንዱ ልጅ።

«ቆይ፣ ቡሎኑን እንዳትነካ። መጀመሪያ ካምቢዮው ይግጠም።»

ዲኤክስ የምንላት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላ ናት። ብዙዎቹ ይዘው የመጡት ሞተር 4ኬ ይባላል፤ 1,290 ሲሲ ነው። በሰንሰለቱ ላይ ያለው ደግሞ 5ኬ ነው፣ 1,486 ሲሲ። ከአሮጌ ታውን ኤስ ሚኒባስ የወጣ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የተገዛ፣ በጭነት መኪና እስከዚህ የመጣ። መካኒኩ ይህን ሞተር የመረጠበት ምክንያት አሳማኝ ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የፒስተኑ ምላልስ በሁለቱም 73 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ የሲሊንደሩ ስፋት ላይ ነው፣ 75 የነበረው 80.5 ሆኗል። ስለዚህ የድሮው ካምቢዮ ይገጥማል፣ ሱፖርቱ ብዙ ብየዳ አይፈልግም፣ ኮፋኖውም ሳይቆረጥ ይዘጋል። ከዚህ የሚበልጥ ሞተር ለመግጠም የሚነሣ ሰው ሻንሲ ይቆርጣል፣ ትራስሚሲዮን ያሳጥራል፣ ቶርኖ ቤት ይመላለሳል። እንዲያ የተሠራች መኪናም ጋራዡ ጥግ ላይ ጎማዋ ተንፍሶ ቆማለች።

ባለመኪናው ሽንኩርት ነጋዴ ነው። ለምን እንደሚቀይር ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እዚህ ሜዳው ላይ ምንም አትለኝ» አለኝ። «ዓለም በርን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ነው መከራው። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ፣ ከኋላዬ ክላክስ እየተነፋብኝ። ደብረ ታቦር ስደርስ ገበያው ተበትኖ ይቆየኛል።»

ዳገቱ የሚያስቸግረው አሮጌ ሞተር ስላለው ብቻ አይደለም። ሞተር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል፤ አየሩ ደግሞ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። የፎገራ ሜዳ ራሱ 1,800 ሜትር ላይ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ይደርሳል። ሒሳቡን ስንሠራው 4ኬው ይፋግ ላይ ከጉልበቱ አምስተኛ የሚጠጋውን፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ሩቡን ያጣል። 1,290 ሲሲ ተብሎ የተገዛው ሞተር ዳገቱ ጫፍ ላይ የሚሠራው ባሕር ዳርቻ ባለ አገር ያለ የ950 ሲሲ ሞተር ያህል ብቻ ነው። ነጋዴው 5ኬ ሲያስገባ ጉልበት እየጨመረ አይደለም፤ ከፍታው የወሰደበትን እየመለሰ ነው። የሞተር ቅየራን የጎረምሳ ፍላጎት አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ።

ትንንሽ ሞተር የበዛው ደግሞ ያለምክንያት አይደለም። በ1995 በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 እስከ 1,300 ሲሲ ያላት የቤት መኪና 30 በመቶ ትከፍል ነበር፤ እስከ 1,800 ያላት 60፣ ከዚያ በላይ ያላት 100 በመቶ። 2ኢ ሞተር ያላት ኮሮላ 1,295 ሲሲ ናት። ቪትዝ 996 ወይም 1,296 ናት። ሁሉም ከመስመሩ ሥር ለጥቂት ገብተዋል። አገራችን ግን ደጋ ናት፣ መኪናውም ሰውና ጭነት አብሮ ይጭናል። ከዚያ በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱን እጅግ ከፍ አደረገው፤ ከጥር 2016 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። የይፋግ ነጋዴ በኤሌክትሪክ መኪና ሽንኩርት እስኪጭን ድረስ ያለው ምርጫ በእጁ ያለችውን ዲኤክስ ማደስ ነው።

በማግስቱ ቀደም ብሎ 5ኬ በገባላት ሌላ ዲኤክስ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ወጣሁ። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ መጀመሪያው ይህ ነው። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ሹፌሩ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበር፤ እዚያው ቆየ። ሽቅብ ያየሁት ነገር ሁሉ ለባለመኪኖቹ ይመሰክራል። ሞተሩ አይጨነቅም፣ ፍሪሲዮን አይሸትም፣ የሙቀቱ መርፌ መሃል ላይ ነው። ራዲያተሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ ስለተቀየረ ነው። 2,700 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ በ91 ዲግሪ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ወይም ለትንሹ ሞተር የተሠራው ራዲያተር እንዳለ ከቀረ፣ አዲሱ ሞተር ቴስታታውን አጣምሞ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። ካርቡራቶሩም ለቀጭኑ አየር መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ቤንዚኑ ይበዛና ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል።

ቁልቁለቱ ላይ ሐሳቤ ተለወጠ። ከደብረ ታቦር ወረታ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መውረዱ 900 ሜትር። ከነጭነቷ 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና ይህን ስትወርድ የሚወጣው ጉልበት ከ30 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያን ሙቀት የሚቀበለው ወይ ሞተሩ ነው፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሲያዝ፤ ወይ ፍሬኑ ነው። ፍሬኗ ደግሞ ያው ከፋብሪካ የወጣው ነበር፤ ከፊት ትንሽ ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር። ሹፌሩ በአራተኛ ማርሽ ለቀቃት። ፔዳሉ እየለሰለሰ ሲሄድ፣ የሸራው ሽታም ሲመጣ ታወቀኝ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ማርሽ ቀንስ» አልሁት።

«አይዞህ ጋሼ፣ መንገዱን እናውቀዋለን» አለ። ቢሆንም ቀነሰ።

መንገዱን ማወቅ ሸራውን አያቀዘቅዝም። በ60 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች መኪና በ80 ስትሄድ ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት በሲሶ ብቻ አይጨምርም፤ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ውሃ ስለሚስብ ሲግል ይፈላል፣ እግር ሲረገጥም ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ሞተር ለማስቀየር ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው የፍሬን ሸራ፣ ጎማና ሞላ ላይ እጁን ሲሰበስብ ማየት ያሳስበኛል። ባለጋራዡን ስጠይቀው አልካደም። «እንነግራቸዋለን፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ገንዘቡ አልቋል ይሉናል» ነው ያለኝ።

ሞተር የማሳደግ ሥራ በዓለም ላይ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲነት ያገለገለችው ፊያት ሴይቼንቶ ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ ነበር። ካርሎ አባርት በጣሊያን ወደ 747፣ በኋላም ወደ 847 ሲሲ አሳደገው። በትልቁ ሞተር ግን የፊት ፍሬኑን ወደ ዲስክ ቀየረ፣ ማቀዝቀዣውንም አሰፋ። ስሙን ያስጠራው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን የዚህ ሁሉ ድምር ነው። የይፋጉ መካኒክ ከአባርት በእጅ ጥበብ አያንስም፤ ያለ ፓራንኮ፣ ያለ መጽሐፍ ሞተር ይገጥማል። የሚያንሰው ሥራውን እስከ መጨረሻው የሚያስጨርሰው ደንበኛ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ ወረቀቱ። በሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ሰፍሯል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ስላለ ሞተር ቀይሮ ዝም ማለት አይቻልም። የሞተር ቁጥሩ ካልተስተካከለ ቦሎ ሲታደስ፣ መኪናዋ ስትሸጥ፣ ከሁሉም በላይ አደጋ ሲደርስ ጥያቄ ይነሣል። ዲክላራሲዮን የሌለው ሞተር ደግሞ የማን እንደነበረ አይታወቅም። ነጋዴው ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፤ ሻጩ ሲሰጠው ተቀብሎ እንጂ ጠይቆ አልነበረም።

የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሞተር ቀይሮ ለምዝገባ የሚመጣን ሰው ቁጥሩን ብቻ መዝግባችሁ አትመልሱት፤ በዚያው ቀን ፍሬኑን በመሣሪያ ፈትሹለት፣ ካልያዘ አስተካክሎ እንዲመለስ ቀን ስጡት። አንተ ዲኤክስህ 4ኬዋን የጨረሰችብህ የይፋግ፣ የወረታ ወይም የአዲስ ዘመን ሰው ደግሞ 5ኬውን ግዛ፣ ይገባሃል። ሶማሌ ተራ ስትሄድ ዲክላራሲዮኑን ይዘህ ካልሆነ ሞተሩን አታስጭን፤ ከገንዘብህም የራዲያተሩን፣ የፍሬን ሸራውንና የፍሬን ዘይቱን ዋጋ አስቀድመህ ለይተህ አስቀምጥ።