ከሱጋሞ እስከ ካሚካትሱ፦ ሽበት ገበያ ሲወጣ

ቶኪዮ ሲባል በዓይነ ሕሊናዎ የሚመጣው የመብራት ጋጋታና የወጣቶች ግርግር ከሆነ፣ አንድ ቀን በያማኖቴ ባቡር ሱጋሞ ጣቢያ ይውረዱ። ጥቂት እንደተራመዱ ጂዞ-ዶሪ የሚባለውን የገበያ መንገድ ያገኛሉ። ርዝመቱ 800 ሜትር ገደማ ሲሆን ግራና ቀኙን ወደ 200 የሚጠጉ ሱቆች ተደርድረውበታል። ጃፓኖች «የሴት አያቶች ሐራጁኩ» ይሉታል፤ ሐራጁኩ የወጣቶች የፋሽን ሰፈር መሆኑ ነው።

እዚህ የሚቸኩል ሰው ብዙም አያዩም። ዋጋው በትልልቅ ቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ ከዘራው፣ ሙቅ ካልሲው፣ ቀላል ጫማው ደጃፍ ድረስ ወጥቷል። በቀይ የውስጥ ሱሪ የታወቀ ሱቅም አለ። ቀይ ሰውነት ያሞቃል፣ ዕድልም ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን እናቶች ለራሳቸውም ለጓደኛም ይገዙታል። ኮጋንጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ደግሞ ሰልፍ አለ። ጉልበቱን የሚያመው የሐውልቱን ጉልበት፣ ወገቡን የሚያመው ወገቡን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ያብሳል። ጠበል ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይሆንበትም። ወሩ በገባ በ4፣ በ14 ወይም በ24 ከሄዱ የቤተ መቅደሱ የበዓል ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ያገኙታል።

በጃፓን የጡረታ አበል የሚከፈለው በየሁለት ወሩ ነው፤ በፌብሩዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁን እያለ ወሩ በገባ በ15ኛው ቀን። ለዚህ መንገድ ደንበኞች የደመወዝ ቀን ማለት ያ ነው። ታዲያ አበሉ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ዛሬ በሥራ ላይ ካለው ሰው መዋጮ ነው። ከ15 እስከ 64 ዓመት ያለው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ 87 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ አሁን 74 ሚሊዮን ገደማ ቀርቷል። ከ100 ጃፓናውያን 29 ያህሉ ደግሞ 65 ዓመት የሞላቸው ናቸው። እኛ «ሺህ ዓመት ያኑርህ» ብለን ስንመርቅ ሒሳቡን አንጠይቅም፤ በብዙ ቤታችን ጡረታ ማለት ዛሬም ልጅ ነው። ጃፓን ውስጥ ያጠረው ግን ያው ልጅ ነው። ኦጂ ሆልዲንግስ የተባለው ኩባንያ በ2024 በአገር ውስጥ የሕፃናት ዳይፐር ማምረት አቁሞ በአዋቂዎች ዳይፐር ላይ ለማተኮር መወሰኑን አስታውቋል።

የብር ጽዋው ታሪክ ግን ከሁሉም ይበልጥ ይነግርዎታል። መንግሥት ከ1963 ጀምሮ 100 ዓመት ለሚሞላው ሰው የብር ጽዋ ይሸልማል። ያን ጊዜ በአገሩ ውስጥ 100 ዓመት የሞላቸው 153 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ2024 ከ95 ሺህ በለጡ። ወጪው ስለከበደ ከ2016 ወዲህ የሚሰጠው ብር የተቀባ ጽዋ ነው። ምርቃቱ ሲደርስ ስጦታው ሳሳ ማለት ነው።

አረጋውያን ገንዘብ ሲያወጡ ሳይሆን ሲያገኙ ማየት ከፈለጉ ወደ ሺኮኩ ደሴት ይሻገሩ። ከቶኪዮ እስከ ቶኩሺማ ያለው በረራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ተራራውን ሲወጡ ካሚካትሱ ይደርሳሉ። ነዋሪው 1,500 እንኳ አይሞላም፤ ከግማሽ በላዩም 65 ዓመት ያለፈው ነው። በ1981 የወረደ ከባድ ብርድ የመንደሪን ዛፎቻቸውን ፈጀው። በኋላ ቶሞጂ ዮኮይሺ የተባሉ የገበሬዎች ማኅበር ሠራተኛ ኦሳካ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ ወጣት ሴቶች ሳህን ላይ ባረፈች ቀይ ቅጠል ሲደነቁ አዩ። ቅጠል! የካሚካትሱ ተራራ የሞላው እሱ አይደል? ሐሳቡን ይዘው ሲመጡ የሳቀባቸው ብዙ ነበር። ንግዱ ግን በ1986 ተጀመረ።

ዛሬ አያቶቹ ማለዳ ታብሌታቸውን ከፍተው የዕለቱን ትዕዛዝ ያያሉ፤ ቀድመው የተቀበሉትን ይይዛሉ፣ ወደ ጓሮ ወጥተው ይቀነጥሳሉ፣ አጥበው በመጠን በመጠኑ ያሽጋሉ። ቅጠሉ ወደ ትልልቅ ከተሞች ምግብ ቤቶች ይጓዛል። ሥራው ቀላል፣ ቅጠሉ የማይከብድ ነው፤ ለሰባና ለሰማንያ ዓመት እጅ የተፈጠረ ይመስላል። የሽያጭ ደረጃቸውንም በዚያው መስኮት ያያሉ። በእኔ ግምት ማልደው የሚያስነሳቸው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ያለው ፉክክርም ነው።

ቅጠሉ ግን መንደሩን በሰው አልሞላውም። በ1950ዎቹ ከ6 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው፤ ቁጥሩ አሁንም እየቀነሰ ነው። ከፍ ያሉትን ቁልቁለቶች ሲያዩ ከሚለቀመው ይልቅ የሚረግፈው እንደሚበዛ ይገባዎታል።

ለመሄድ ካሰቡ ኅዳር አካባቢ ተራራው ቀይና ወርቅማ ነው። ቆሻሻዎን እንዳገኙ አይጣሉ፤ መንደሩ ከ40 በላይ በሆኑ ዓይነቶች ይለያል። አውቶቡሱ አልፎ አልፎ ስለሆነ መኪና መከራየት ይሻላል። መንገድ ላይ ከፊትዎ ባለው መኪና ላይ አራት ቅጠል ያለው ባለ ቀለም ምልክት ካዩ ሹፌሩ 70 ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ጥሩምባ ሳያሰሙ ቀስ ብለው ይከተሉ፤ ጠጋ ብሎ መጋፋት በሕግም ያስቀጣል።