ቀለበት ፍለጋ በአንትወርፕ

ከብራስልስ ተነስቶ አንትወርፕ ለመድረስ በባቡር አንድ ሰዓት አይፈጅም። የሚወረድበት ማዕከላዊ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1905 ተሠርቶ ያለቀ ሲሆን፣ ጉልላቱን ቀና ብሎ ያየ ሰው ካቴድራል የገባ ይመስለዋል። ከበሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲሉ የአልማዝ ሰፈር ይጀምራል። ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች አንዱ ሆቬኒርስትራት ይባላል፤ የአትክልተኞች መንገድ ማለት ነው። አትክልት ግን አላየሁም። ያየሁት የጥበቃ ካሜራ፣ ፖሊስ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ባለ ጢም አይሁድ ነጋዴዎችና ስልክ ከጆሯቸው የማይለዩ ህንዶችን ነው። እዚህ ሰፈር ውል የሚታሰረው በመጨባበጥና "ማዛል ኡ ብራካ" በሚል የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ ዕድልና በረከት ማለት ነው። ብራካ የእኛው በረከት ዘመድ መሆኑ ደስ አለኝ። ይህ ቃል ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ማለት ነውር ነው።

የሄድነው ለጉብኝት ብቻ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ሊያገባ ነው፤ እጮኛው የአልማዝ ቀለበት ወዳለች፤ አክስት ደግሞ ዝም ብላ አትቀመጥም። እንደ እኛ ያለ ገዢ የሚያመራው ከጣቢያው ጎን ለጎን ባለው ፔሊካንስትራት ወደተደረደሩት ሱቆች ነው። በየመስኮቱ የተተከለው አምፖል ዓይን ይወጋል፤ በዚያ መብራት ስር የማያብረቀርቅ ድንጋይ የለም። ስለዚህ ቀለበቱን ወደ በሩ አምጡልንና በቀን ብርሃን እንየው በሉ። እኛ ስንጠይቅ ማንም አልተቆጣም።

የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ካራት ነው?" ብሎ ነው። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ወርቅ ላይ ካራት የንጽሕና መለኪያ ነው፤ 24 ንጹሕ ወርቅ ሲሆን፣ 18 ሦስት አራተኛው ወርቅ ነው ማለት ነው። አልማዝ ላይ ግን ካራት ክብደት ነው። አንድ ካራት 200 ሚሊግራም ነው፤ እንደ እኔ መድኃኒት ሲለካ ለኖረ ሰው፣ የአንዲት ባለ 500 ፓራሲታሞል ግማሽ እንኳ አይደርስም። ዋጋው ደግሞ ሙሉ ቁጥር ላይ ሲደርስ ይዘላል። 0.95 ካራት የሆነውን ከ1.00 በዓይን የሚለይ ሰው አላውቅም፤ ኪስ ግን ይለየዋል።

ዋናው ነገር የአቆራረጡ ጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ማርሴል ቶልኮቭስኪ የሚባል የአንትወርፕ ተወላጅ፣ ከላይ የገባው ብርሃን ወደ ላይ እንዲመለስ ክብ አልማዝ በምን ማዕዘን መቆረጥ እንዳለበት አስልቶ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ የምናየው ክብ አልማዝ 57 ወይም 58 ገጽ ያለው የዚያ ስሌት ልጅ ነው። ድንጋዩ በጣም ጥልቅ ሆኖ ከተቆረጠ ብርሃኑ በጎን ይወጣና መሐሉ ይጠቁራል፤ በጣም ጠፍጣፋ ከሆነም ይፈዛል። ታዲያ ለምን በደንብ አይቆርጡትም? ቆራጩ በሞረደ ቁጥር ክብደት ይቀንሳል፤ ገበያው ደግሞ ክብደት ይጠይቃል። ትልቅና ደብዛዛ ድንጋይ የሚበዛው ለዚህ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘባችሁን መጀመሪያ አቆራረጡ ላይ አውሉ።

ቀለም በእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጠዋል። ዲ ቀለም አልባ ነው፤ ወደ ዜድ ሲሄድ ቢጫነት ይጨምራል። ቀለበቱ የእኛ እናቶች እንደሚወዱት ቢጫ ወርቅ ከሆነ ግን ጄ ወይም ኬ የሆነ ድንጋይ ቢጫነቱ ብዙም አይታወቅም፤ ለዲ መክፈል ትርፉ ለሻጩ ነው። በውስጡ ያለው ነጠብጣብም የሚመዘነው አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ነው። ባዶ ዓይን ካላየው ሠርገኛም አያየውም።

ወረቀቱ ላይ ግን አልደራደርም። የምርመራ ወረቀቱ ከሻጩ ሳይሆን እንደ ጂ.አይ.ኤ. ካለ ገለልተኛ ላቦራቶሪ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በድንጋዩ ወገብ ላይ በሌዘር ይጻፋል። በማጉያ መነጽር አስነብባችሁ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ፤ ደም ከመስጠታችን በፊት የከረጢቱን ቁጥር ከታካሚው ካርድ ጋር እንደምናመሳክረው ማለት ነው። በፋብሪካ የተሠራ አልማዝ በንጥረ ነገሩ እውነተኛ አልማዝ ነው፤ እፍ ብሎ መሞከርም ሆነ በዓይን ማየት ከተፈጥሮው አይለየውም። ዋጋው ግን እጅግ ያነሰ ነው። መግዛቱ ነውር የለውም፤ ነውሩ በተፈጥሮው ዋጋ መግዛት ነው።

ለልጆቹ አጥብቄ የነገርኳቸው ሌላ ጉዳይ አለ። እናቶቻችን ወርቅ የሚገዙት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ አንጥረኛው መዝኖ በዕለቱ ዋጋ ይገዛቸዋል። አልማዝ እንዲህ አይደለም። ከሱቅ የገዛችሁትን መልሳችሁ ልትሸጡት ብትወስዱ የከፈላችሁት አይመለስም፤ አብዛኛውን ጊዜ እጅግ አንሶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ድንጋዩ መጠነኛ ይሁንና የተረፈው ወደ ወርቁ ክብደት ይሂድ አልኩ። እጮኛዋ ትንሽ አሰበችና ተስማማች።

አልማዝ ቅባት ይወዳል። በማዕድን ማውጫዎች ቅባት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ እያጣበቁ ይለቅሙት ነበር። ቅቤ የነካ እጅ ላይ ያለ ቀለበትም ቶሎ ይደበዝዛል፤ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከስሩ ይታጠብ። ድንጋዩን የያዙትን ጥፍሮች ደግሞ በዓመት አንዴ አንጥረኛ ይይላችሁ።